የቫልቮላዋ ክዳን

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ያገለገለ ብስክሌት ስገዛ ሻጩ ጎማውን ነፍቶ ሲያበቃ አየር የምትገባበትን ቫልቮላ ሳይከድን ተወው። ክዳኗ የት ናት ስለው «እሷ ለጌጥ ናት፤ ባትኖርም ምንም አይል» አለኝ። በጥርጣሬ አየሁት። በዚህችው የጣት ጫፍ በማታህል ጥቁር ክዳን የተነሳ በልጅነቴ ቢቸና ላይ የሆነውን እሱ ከየት ያውቃል?

አባቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ ከገጠር ሲመለስ የብስክሌቱን ጭቃ በጨርቅ ሲወለውል እናቴ «እኔን እንዲህ ተንከባክበኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ታሽሟጥጠዋለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ደግሞ በሁለታችን አጥር መካከል በነበረችው ክፍተት ሾልከው እየመጡ ሲጫወቱ ያመሻሉ። አባቴ ክዳኗ ከሌለች አቧራ ይገባል፣ ጎማው ተንፍሶ መንገድ ላይ ያስቀራል ይላል፤ ጋሽ ሰይድ አየሩን የሚይዘው የውስጧ መርፌ ነው፣ ክዳኗ ባርኔጣ ናት፣ ሰው ያለ ባርኔጣም ይሄዳል እያሉ ይስቁበታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኋላ ጎማው ክዳን ጠፋች። አባቴ ሌላ ገጠመ፤ በሳምንቱ ያችም ጠፋች። ሦስተኛ እየገጠመ ዓይኑን አጥሩ ላይ ጣለ። «ክርክሩን ሊረታኝ ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የጋሽ ሰይድን ሳቅ፣ ሳላቸውን፣ የሰላምታቸውን ርዝመት ሳይቀር ይመረምር ጀመር።

እኔ ግን አይቼ ነበር። ሦስተኛዋ በጠፋችበት ጠዋት አባቴ ፊቱን ሲታጠብ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ ክዳኗን ፈትታ በመቀነቷ ቋጠረቻት። ቢሮ በማይከፈትበት ቅዳሜ በሞጣ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ስትጠይቀው «ሥራ ነው» ከማለት በቀር አይነግራትም፤ እሷም ሴት ጠርጥራ ነበር። ክዳን የሌለው ጎማ መንገድ ላይ እንደሚያስቀር ደግሞ የሰማችው ከራሱ አፍ ነው። ቀና ስትል አየችኝ። መቀነቷን አጥብቃ ወደ ጓዳ ገባች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ጋሽ ሰይድን አጥሩ ሥር አቆማቸው።

«ሰይድ፣ ክዳኖቹን መልስልኝ።»

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊቱን አዩት፤ ከኋላው በራፉ ላይ የቆመችውን እናቴንም አዩ።

«እሺ፣ እተካልሃለሁ» አሉ።

አባቴ ይህን ጥፋትን እንደ ማመን ቆጠረው። በማግስቱ ክፍተቷን በእሾህ አጠራት። ጋሽ ሰይድም ክረምቱ ሳይወጣ ዘመዶቻቸው ወደሚነግዱበት ወደ ሞጣ ቤታቸውን ነቀሉ። አባቴ የቅዳሜ መንገዱን አልተወም፤ ጎማው ያለ ክዳን አንድም ቀን አልተነፈሰበትም። የት ይሄድ እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም።

አባቴ ካረፈ በኋላ ለሥራ ሞጣ ሄጄ ጋሽ ሰይድን ፈልጌ አገኘኋቸው። መነጽር አድርገው ቁልፍ ይተክላሉ። ማን መሆኔን ነግሬ፣ ስንት ዓመት የከበደኝን አወጣሁት።

«ክዳኖቹን የወሰደችው እናቴ ነበረች። አይቼ ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔም በአጥሩ ክፍተት አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ከሚስቱ ከሚጣላ ከእኔ ቢጣላ ይሻላል ብዬ ነዋ። የእኔ ይበርድለታል፣ ይመጣል ብዬ ነበር።» ልብሱን አጠፉት። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር፣ በራፌ ላይ ብስክሌት ሲቆም ቀና እል ነበር።»