ሃርሞኒካው ውስጥ የሌለው ድምፅ

በአቃቂ ሃርሞኒካን ያለ አስተማሪ የቻልኩ እኔ ብቻ ነኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የበዓል ዝግጅት ያለ እኔ አይደምቅም ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ካሴት ሻጭ ከመድረክ ላይ የተቀዳ ብሉዝ የሚባል የአሜሪካ ሙዚቃ ካሴት ከፈተልኝ። ከበሮው ይጋልባል፣ ጊታሮቹ ያባርሩታል፣ ሕዝቡ ያፏጫል። በመሃል ሃርሞኒካው እንደ ሰው ያለቅሳል። የሃርሞኒካን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ የላቸውም።

«ይህ ማጭበርበር ነው» አልኩ በደንበኞቹ ፊት። «ከመጋረጃ ጀርባ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ደብቀዋል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስላልቻሉት ነው?» አለኝ ካሴት ሻጩ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

ስሜ እንዲህ በዋዛ ሊጠፋ አይችልም። ካሴቱን ገዝቼ፣ ማታለላቸውን ለማጋለጥ ሳምንት ሙሉ አዳመጥኩት። ሳክስፎኑን ስፈልግ የሃርሞኒካ ተጫዋቹን ትንፋሽ አገኘሁ፤ ድምፁ የሚያለቅሰው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ነበር። እኔም ምላሴን ወደ ኋላ ሰብስቤ በኃይል ሳብኩ። አራተኛው ቀዳዳ አለቀሰ። ማንም አላሳየኝም፤ በራሴ ደረስኩበት።

በማግስቱ ሱቁ ሄጄ ተጫወትኩ። የሳክስፎኑን ነገር አላነሳሁም። ካሴት ሻጩ በጥርጣሬ እያየኝ ሰማኝና ከባንኮኒው ወጥቶ የኮቴን ኪሶች ይዳብስ ጀመር።

«ሌላኛውን መሣሪያ የት ደበቁት?»

ፈትሾ እስኪጨርስ እጆቼን ዘርግቼ ጠበቅኩት። ሲፈተሽ እንደዚያ የኮራ ሰው አቃቂ አይታ አታውቅም።