የደረጀ ፔዳል

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳምራዊት ቡራዩ ባለው ቤታችን ወለል ላይ ተቀምጣ የቤዝ ጊታሯን ፔዳል ትፈትሽ ነበር። ፔዳል የምትለው በእግር ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ የሚያወፍር ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸግሯታል። መጀመሪያ ፔዳሉን ከመሀል አውጥታ ጊታሩን በቀጥታ ከማጉያው ጋር አገናኘችው፤ ጥርት አለ። ፔዳሉን መለሰችው፤ ተንጫጫ። ገመዶቹን አንድ በአንድ ቀየረች፤ ባትሪውን ለወጠች። በመጨረሻ የገመዱን መሰኪያ ቀዳዳ በስልኳ መብራት አየችና፣

«እማ፣ ይሄን ነገር ውሃ ነክቶታል እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ አልነካሁትም» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«አንቺን ማን ወቀሰሽ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ያደግኩት ሰበታ ነው። ታላቅ ወንድሜ ታምሩ ከሰፈር ልጆች ጋር የሠርግ ባንድ ነበረው። ቤዝ የሚጫወተው ደረጀ ዓይነ ስውር ነበር፤ ለትምህርት ከገጠር መጥቶ እዚያው ቤት ተከራይቶ የቀረ። እኔ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ዕቃ እይዛለሁ። ባንዱ የነበረው አንድ ፔዳል ሲሆን ደረጀ በሻርፑ ጠቅልሎ እንደ ዕንቁላል ነበር የሚይዘው። «ጥሩዬ፣ ይሄን ከጣልሽ እኔንም አብረሽ ጣይኝ» ይለኝ ነበር።

በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሱሉልታ ለሠርግ ተጠራን። ከሰበታ ውጭ ስንጠራ የመጀመሪያችን ነበር። ደረጀ በጭንቀት እህል አልበላ አለ። እኔ ከጥምቀተ ባሕር በጠርሙስ ያመጣሁት ጠበል ነበረኝ። ታምሩ «የቤተ ክርስቲያን ነገርሽን ባንዴ ውስጥ እንዳታስገቢብኝ» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ጠዋት ሰው ሳያየኝ ዕቃው ሁሉ ላይ ረጨሁ። ፔዳሉ ጋ ስደርስ በእፍኜ ጨመርኩ። ለደረጀ ብዬ ነው። ከዚያ በሻርፑ መልሼ ጠቀለልኩና ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

የእንጦጦን ዳገት በሚኒባስ ስንወጣ የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባ ነበር። ወዲያ ማዶ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ቢጫ ሆኗል። የሙሽራዋ አባት ኦቦ ጉደታ ትኩስ ወተት በትልልቅ ኩባያ አስቀዱልንና «ጠጡ፣ በባዶ ሆድ የሚዘፍን ሰው ሙሽራ ያስለቅሳል» አሉን።

ደረጀ ፔዳሉን ሲረግጠው ድምፁ እንደሚታመስ ቆሎ ተንጣጣ። ከዚያ ጠፋ።

«ምነው፣ የሱሉልታ ብርድ መታው እንዴ?» አሉ ኦቦ ጉደታ። ሰው ሳቀ። የታምሩ ፊት ጠቆረ።

ደረጀ ተንበረከከ። «ፔዳሉን አውጡትና በቀጥታ ሰኩልኝ» አለ። ደህና ሆነ። «መልሱት።» ተንጣጣ። «ሌላ ገመድ ስጡኝ።» ያው ነው። ከዚያ ጣቱን መሰኪያው ቀዳዳ ላይ አድርጎ ቆየ። «እርጥብ ነው» አለ።

«ከአንተ በቀር ማን ነክቶት ያውቃል?» አለው ታምሩ። «አንዱን ብርጭቆ ደፍተህበት ይሆናላ! አታይ!»

«ኧረ እኔ ውሃ አጠገቡ አላስቀምጥም።» ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «ጥሩዬ፣ ዕቃውን ያሰናዳሽው አንቺ ነሽ። የፈሰሰ ነገር አይተሻል?»

«አላየሁም» አልኩ።

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና «እንግዲያው እኔ እሆናለሁ» አለ።

ሠርጉ ያለ ፔዳሉ ደምቆ አለቀ። ልዩነቱን ያወቀ እንግዳ አልነበረም። ታምሩ ግን በሳምንቱ ሌላ ቤዝ ተጫዋች አመጣ። ጊታሩ የባንዱ ስለነበር ደረጀ ሊያስረክብ ቤታችን መጣ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አውታሮቹን በመሐረቡ ጠረገና «ገመዱን አጥብቀሽ አትጠቅልዪ፣ ውስጡ ይበጠሳል» ብሎኝ ሄደ።

ያኔ ብናገር ጠበሉን ይሰድቡታል ብዬ ፈራሁ፤ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። ጠበሉ የእኔ ጥብቅና አያስፈልገውም ነበር። የፈራሁት ወንድሜን ነው።

ካገባሁ በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «ለሰውየውስ ነገርሽው?» አሉኝ። ሰበታ ሄጄ የድሮ ቤቱን አንኳኳሁ። አከራዩ «እሱ አገሩ ከገባ ቆየ» አሉኝ። ተመለስኩ።

ቅዳሜ ዕለት ሳምራዊት ቀዳዳውን በጥጥና በአልኮል ጠርጋ ፔዳሉን ስትረግጠው ድምፁ ወፍሮ ወጣ። እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠኝን አምላክ አመሰገንኩ። ከዚያ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ጊታሩን ከጭኗ አወረደች።

«ስንት ጊዜ ፈለግሽው?»

«አንድ ቀን።»

ገመዱን ነቅላ መጠቅለል ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ደረጀ ግን በሕይወት ካለ፣ ያን ቀን ያጠፋው እሱ እንደሆነ እያሰበ አርጅቷል።