ላሞቹ የሚያውቁት ድምፅ

ሐኪሙ ወሬ አላበዛም። በቱፉል ጉሮሮ ውስጥ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ እባጭ አለ። ክፉ ነገር አይመስልም፤ ግን መውጣት አለበት። ከወጣ በኋላ ለሁለት ሳምንት አንዲት ቃል አትናገርም። ከዚያ ድምፅዋ ይመለሳል፤ ምን ዓይነት ሆኖ እንደሚመለስ ግን ከአሁኑ ማወቅ አይቻልም።

"መቼ ነው?" አለች ቱፉል።

"ሐምሌ መጨረሻ ላይ አልጋ አለን። ከዚያ ከቆየ እያደገ ነው የሚሄደው።"

"ሐምሌ ጉም ነው።"

ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ነው። ከወረቀቱ ቀና አለ። "ጉምና ጉሮሮ ምን አገናኛቸው?"

አጠገቧ የተቀመጠው ልጇ ሙሐድ ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ላሞች አሏት ዶክተር" አለ።

ሌላው የዓረብ አገር በሐምሌ ሲነድ፣ ከሰላላ ከተማ በላይ ያለው ተራራ ይርሳል። ወቅቱ ኸሪፍ ይባላል። ዝናቡ ነጎድጓድ የለውም፤ መብረቅ የለውም። ከባሕር የተነሳው ጉም ተራራው ላይ ይተኛና ሌት ተቀን ያካፋል። ልብስ አይደርቅም፤ ግድግዳው ያልበዋል። ግመሎች ጭቃው አንሸራትቶ እግራቸውን ስለሚሰብራቸው ቀደም ብለው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ላሞቹ ይቀራሉ። ዓመቱን ሙሉ የናፈቁት ሳር ጉልበታቸው ድረስ ደርሶላቸው የት ይሄዳሉ?

ከቱፉል ቤት በታች ሳሩ እየተንጣለለ ይወርድና ድንገት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ገደል ነው። በጥሩ ቀን ከአፋፉ ላይ ቆሞ ባሕሩን ማየት ይቻላል፤ በኸሪፍ የገዛ እጅ አይታይም። ላም ደግሞ አፏ ሳር ውስጥ ከሆነ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አታውቅም። ስለዚህ ከመጨለሙ በፊት መጠራት አለባት። ያልተጠራች ላም በማግሥቱ ከገደሉ ሥር ትገኛለች።

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥሪ አለው። ቃል የለውም። የቱፉል ቤት ጥሪ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ጥሪው የቤቱ ነው፤ የሴቲቱ አይደለም። ሙሽራ ስትመጣ የእናቷን ጥሪ እናቷ ቤት ትታ የአማቷን ትማራለች። ቱፉል ከማዶው ሸንተረር ተድራ ስትመጣ ይህን አላሰበችውም። በመጀመሪያው ምሽት ወጣችና በእናቷ ጥሪ ተጣራች። አንድ ጆሮ እንኳ አልተነቃነቀም። አማቷ በሩ ላይ ቆማ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

"ላም እንግዳ አይሰማም ልጄ" አለቻት።

ቱፉል ዓመት ሙሉ ከአማቷ ኋላ ኋላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ጥሪው የእሷ ሆነ። ባሏ ያልባል፤ በድሮው ልማድ ማለብ የወንድ ነው። እሷ ትጠራለች። ባሏ ሲሞት ማለቡን የባሏ ወንድም ባኺት ወሰደው። አጠገባቸው የሚኖር፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ምላሱ ያላለቀ ሽማግሌ ነው። ጥሪውን ግን የሚረከብ አልነበረም። ቱፉል ሴት ልጅ የላትም።

ያላት ምራት ናት። ሸምሳ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ከጣቃ፣ ከባሕሩ ዳር። እሷና ሙሐድ የሚኖሩት ከተማ ነው። ሙሐድ ማዘጋጃ ቤት ይሠራል። በኸሪፍ ግን ግማሽ ከተማ እንደሚያደርገው ቤታቸውን ዝናብ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች አከራይተው ተራራው ላይ፣ ቱፉል ዘንድ ያርፋሉ።

ከሐኪሙ በተመለሱ ቀን ሙሐድ ሻዩን ሳይጨርስ ጀመረ።

"እማዬ፣ እንሽጣቸው።"

"አንተን ብሸጥህ ይሻለኛል" አለች ቱፉል። ድምፅዋ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ቆርቆሮ ነበር።

"እሱን ማን ይገዛዋል?" አለ ባኺት። "ብዙ ይበላል፣ አይታለብ።"

ሙሐድ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ስልኩ ውስጥ የእናቱ ጥሪ ነበረ፤ ከብዙ ዓመት በፊት፣ አባቱ በሕይወት እያለ የቀዳው። መኪናውን ሳሩ ዳር አቆመ፤ በሮቹን ከፈተና ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው። ጥርት ያለ፣ ረጅም ጥሪ በጉሙ ውስጥ ሄደ። ቱፉል ፊቷን አዞረች። ላሞቹ ግን ሳራቸውን ቀጠሉ።

"ላም ቆርቆሮ አይሰማም" አለ ባኺት። ሁሉም በዚህ ተስማማ።

የቀረችው ሸምሳ ነበረች። ቱፉል በማግሥቱ ወደ ሳሩ አወጣቻት።

"ጥሪ።"

ሸምሳ ዙሪያዋን አየች። ከጉም በቀር ማንም የለም። የሆነ ነገር ከአፏ ወጣ።

"ድመቷ ጠፍታ ነው?" አለ ባኺት ከበረቱ በኩል።

"አጎቴ፣ እኛ ጋ ሴት ድምፅዋ ከአጥር ካለፈ ነውር ነው" አለች ሸምሳ፣ ፊቷ ቀልቶ።

"እኛም ጋ ነውር ነው። እዚህ ግን አጥር የለም።"

ቱፉል ልታሳያት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። "እኔን አትስሚ" አለቻት። "የእኔ አሁን የበሽታ ነው። የስልኩን ስሚ። ጥሪው ያ ነው።"

ሸምሳ የስልኩን ሰማች። ሩዝ ስታጥብ ሰማችው፤ ስትተኛ ሰማችው። ጠዋት ጠዋት እንደ ሰፈሩ ሴቶች ከኋላ የሚጎተተውን ቀሚስ ለብሳ ትወጣና ቀሚሱ ጭቃ ጠጥቶ እስኪከብዳት ትጣራለች። እያደር ነውሩ ለቀቃት። አንድ ምሽት ድምፅዋ ከታች ተነሥቶ ወጣ፤ ጫፍ ላይ ቁርጥ አለ። ባኺት የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀመጠ።

"ምነው አጎቴ? አሁንም ድመት ነው?"

"አይደለም" አለ። "ወንድሜ አሁን በዚያ በኩል የሚመጣ መሰለኝ።"

ላሞቹ ግን አልመጡም። መሪዋ ጥቁር ላም፣ ሰውዳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ሸምሳን አየቻትና ተመልሳ ሳሯ ውስጥ ገባች። ያኔ ቱፉል ከኋላ ሆና በተቀደደው ድምፅዋ ተጣራች። ሰውዳ ዞረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት።

ሸምሳ ቀሚሷን ሰብስባ ቆመች። "ይጠሉኛል አክስቴ።"

"አይጠሉሽም። አያውቁሽም።"

እንዲህ ሆኖ ሐምሌ ሊያልቅ ደረሰ። በየምሽቱ ሸምሳ በሚያምር ድምፅ ትጣራለች፤ ላሞቹ ይግጣሉ። ቱፉል በማያምር ድምፅ ትጣራለች፤ ላሞቹ ይመጣሉ። የቱፉል ድምፅ ግን በየቀኑ እያነሰ ሄደ። ጠዋት ምንም የማይወጣበት ቀን መጣ፤ ለምሽቱ ልትቆጥበው በምልክት መናገር ጀመረች።

ሆስፒታል ከምትገባበት ቀን በፊት በነበረው ቀን ለሙሐድ እንደማትሄድ ነገረችው። "ከኸሪፍ በኋላ" አለች በሹክሹክታ።

"ሐኪሙ ያደጋል ብሏል።"

"ላሞቹስ?"

"ላሞቹ፣ ላሞቹ። እኔን ልጅሽን የሚያክል ነገር አለ እንዴ እዚያ በረት ውስጥ?" ብሎ በሩን ዘግቶት ወጣ። ሙሐድ በእናቱ ላይ በር ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንግዶች ከቤቱ በታች ሳሩ ላይ መኪና አቆሙ። ከበረሃ ከተማ የመጡ ናቸው። ምንጣፍ ዘርግተው በጃንጥላ ሥር ሥጋ ጠበሱ። አባትየው ለብቻው ሄዶ እጆቹን ዘርግቶ ካፊያው ውስጥ ቆመ። ባኺት ሊያባርራቸው ተነሣና ቱፉል በእጇ ያዘችው። ተዋቸው ማለቷ ነው፤ ዝናብ ብርቅ የሆነበት ሰው ምን ይደረጋል?

ሲመሽ መኪናቸው ጭቃ ያዘው። ጎማው ተሽከረከረ፤ ጡሩምባው አሥሬ ጮኸ። እየተገፋ ወጥቶ ሲሄድ ሳሩ ላይ ላም አልነበረም። ጡሩምባው ወደ ታች ነድቷቸዋል። ታች ደግሞ አፋፉ ነው።

ጉሙ ወፍሮ ነበር። ቱፉል እስከምትደፍርበት ድረስ ወረደችና አፏን ከፈተች። አየር ብቻ ወጣ። ደገመችው። አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ሦስተኛ ሞከረች። ምንም የለም።

ዞራ ሸምሳን አየቻት።

ሸምሳን ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዟት ነበር። ሳምንታት ሙሉ እርጥብ ልብስ ለብሳ ስትጮህ ከርማ ድምፅዋ ተዘግቷል። ያን ቀን ትኩስ ወተት ጠጥታ እንድትተኛ ተነግሯት፣ የጡሩምባውን ጩኸት ሰምታ ነው ብርድ ልብስ ተከናንባ የወጣችው። ራሷን ነቀነቀች። "አይወጣም አክስቴ" አለች፤ እሷም ቃሉን በግድ ነው ያወጣችው።

ቱፉል ወደ ጉሙ ጠቆመች።

ሸምሳ ተጣራች። የወጣው አስቀያሚ ነበር። ሲነሣ ሻከረ፤ ሲወጣ ተሰነጠቀ፤ ጫፍ ላይ ያለው ቁርጥ ማለት ሳል ሆኖ ቀረ። አፍራ አፏን በብርድ ልብሱ ሸፈነች።

ከታች የጭቃ ድምፅ ተሰማ። ከጭቃ ውስጥ እግር ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት።

ቱፉል ክንዷን ጨመቀቻት። ሸምሳ እንደገና ተጣራች፤ ይብሱን ሻክሮ ወጣ። ሰውዳ ከጉሙ ውስጥ ወጣች፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ጎኗ ረጥቦ። ከኋላዋ ሌሎቹ ተከተሉ። ቱፉል መንገዱ ላይ ቆማ እያንዳንዷን ጀርባዋን እየነካች አሳለፈች። አንዲት ጊደር ቀርታ ነበር። ሸምሳ ጉሮሮዋ የደማ እስኪመስላት ጮኸች። ጊደሯ እየሮጠች መጣች፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

በረቱ ውስጥ ባኺት ሰውዳ ሥር ቁጭ ብሎ እያለበ ነበር። ቱፉል አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ጆሮው ድረስ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች።

"ድምፄ እንዲህ የሻከረው ከመቼ ወዲህ ነው?"

ባኺት እጁን አላቆመም። "ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ነዋ። ቀስ እያለ ነው የሄደ።"

ጊደሯም ሌሎቹ ወጣት ላሞችም ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ናቸው። ያን ጥርት ያለ ጥሪ በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም። የሰሙትም ረስተውታል። እሷ የበሽታ ያለችው ድምፅ ለእነሱ የቤታቸው ጥሪ ነው። ምራቷን ሳምንታት ሙሉ የሞተ ጥሪ ስታስተምራት ነው የከረመችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ላሞቹ እየመጡ ነበር" አለ ባኺት። "ምን ልበልሽ የሙሐድ እናት? አዝነሻል ልበልሽ?"

በማግሥቱ ጠዋት ቱፉል ቀድማ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሙሐድ ሞተሩን አስነሣ።

እባጩ ወጣ፤ ክፉ አልነበረም። ሁለቱን ሳምንት ዝም ብላ ከረመች። ባኺት ተራራው እንዲህ ጸጥ ብሎ እንደማያውቅ ለሁሉም አወራ። ሸምሳ ጉንፋኗ ቢለቃትም ምሽት ምሽት ድምፅዋን አጎርንና ትጣራለች። ላሞቹ ይመጣሉ። "ድምፄን ያበላሸሁት ለላም ነው" ትላለች፣ ሰው ሲጠይቃት።

ሐኪሙ ቱፉል እንድትናገር ሲፈቅድ አንድ ነገር አስጠነቀቃት፤ ጉሮሮዋን አታስጨንቅ፣ አታጎርንን። የወጣው ድምፅ የራሷ ነው፤ እሱን ትጠቀም። የወጣውም ያው የስልኩ ነበር። ጥቂት ቀጠን ብሏል እንጂ ያው ነው። ሙሐድ ሲሰማ ከመኪናው ወርዶ ትንሽ ዞር አለ።

ያን ምሽት ጉሙ ሳስቶ ነበር። ቱፉል ለብቻዋ ወጣች። ዝቅ ብላ ጀመረች፤ ወጣች፤ ጫፍ ላይ ቆረጠችው። ማዶ ሸንተረር ድረስ የተሰማ ጥሪ ነበር።

አንድ ጆሮ አልተነቃነቀም።

ሸምሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። የሳቀችው ቱፉል ናት። አንድ ድንጋይ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀችና ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች።

"ላም እንግዳ አይሰማም" አለች።

"እኔ ልጥራልዎት አክስቴ?"

"አንቺ ትጠሪያለሽ። እኔ ከኋላሽ እለዋለሁ። ሁለቱን አብረው እስኪለምዱ።"

"እንግዶቹ እኮ በሚመጣው ሳምንት ቤታችንን ይለቃሉ። ሙሐድ ዕቃ ማሰር ጀምሯል።"

"ሙሐድ ይሂድ። ሩዝ መቀቀል ያውቃል።"

ሙሐድ ሄደ፤ እያጉረመረመ። ሸምሳ ቀረች። ጉሙ ሙሉ በሙሉ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ምሽቶች በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ሁለት ሴቶች አንዷ ከአንዷ ኋላ ሳሩ ላይ ሲወርዱ ያይ ነበር። ፊተኛዋ በሻካራ ድምፅ ትጣራለች። ኋለኛዋ ትንሽ ትቆይና ጥርት ባለ ድምፅ ያንኑ ትደግማለች። ላሞቹ በመጀመሪያው ይነሣሉ። በሁለተኛው ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ። አንድ ምሽት ሰውዳ ቆማ፣ ሁለተኛው ድምፅ ወደመጣበት በኩል አንድ ጆሮዋን አዞረች። ቱፉል አየቻት። ወደ ላይ መውጣት ጀመረች፣ ቀሚሷ ከኋላዋ እርጥቡን ሳር እየጠረገ።