ለአይጦቹ የሠራው ቅጠል

የሄድኩት አይጥ ለማየት ነው፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። አራት ዓመት ኢንሱሊን ስወጋ ሰልችቶኛል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የባህል መድኃኒት የሚሸጡት አክስቴ ደግሞ ዱቄታቸው ስኳር ያለባቸውን አይጦች እንዳዳነ ሰምተዋል። «ከመርፌ ጋር አይስማማም» ስላሉኝ የጠዋቱን ሳልወጋ ከምኖርበት ከድሬ ጠያራ ወደ ሐረር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም።

መንገዱ ግራና ቀኙ ማሽላና ጫት ነው። የያዝኩት ውሃ ግን ከተማ ሳንደርስ አለቀ።

አራት ሰዓት፣ ጀጎል

አክስቴ ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልለው ጠበቁኝ።

«ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በባዶ ሆድሽ ትጠጪዋለሽ።»

«መጀመሪያ አይጦቹን ልይ።»

«አይጦቹ ላይ ለሚመራመሩት ተማሪዎች ቅጠሉን የሰጠሁት እኔ! ለአይጥ የሠራ ላንቺ እምቢ ይላል? ከአይጥ ታንሻለሽ?»

ስድስት ሰዓት፣ የአይጦቹ ቤት

ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለ የምርምር ቤት ነው። አይጦቹን የሚንከባከቡት ጋሽ ታደሰ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ የአክስቴን ስም ስጠራ አስገቡኝ። ነጫጭ አይጦች፣ የሽቦ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ሰጋቱራ ላይ። የአንደኛው ሳጥን ሰጋቱራ ርሷል፤ የውሃ ጠርሙሱ ባዶ ነው።

«አሁን ነበር የሞላሁት» አሉ። «ቆሽታቸውን በመድኃኒት አበላሽተን ነው ስኳር የምናስይዛቸው። ይጠጣሉ፣ ይሸናሉ፣ ይከሳሉ።»

ውሃ ለመንኳቸው። ሰጡኝ። ደገምኩ። ሦስተኛውን ስጠይቅ ጆጉን እንደያዙ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ መርፌሽን ተወግተሻል?»

አክስቴ ያሉኝን ነገርኳቸው።

«አክስትሽ አልዋሹም፣ ቅጠሉ ስኳር ቀንሷል። ግን ከቆሽታቸው ትንሽ ለተረፈላቸው ነው። ያንቺስ?»

«ምንም አልቀረም ብለውኛል።»

ጥግ ያለውን ሳጥን አሳዩኝ። «እነዚህም አልቀራቸውም። ቅጠሉ አልሠራላቸውም፤ በየቀኑ ኢንሱሊን እወጋቸዋለሁ።»

«የዳኑትስ የት አሉ?»

«የዳነ የለም። የመጀመሪያው ጥናት ሲያልቅ ተገድለው ቆሽታቸው ታየ።»

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ሚኒባሱ እስኪሞላ አልጠበቅኩም፤ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ስለካው ስኳሬ ከአራት መቶ በላይ ነው። እናቴ እየተቆጣችኝ ኢንሱሊኑን ተወጋሁ። ከእንግዲህ ማንም «ሠርቷል» ቢለኝ «ለማን?» ሳልል አልቀበልም። ይህን ያወቅኩት ራሴን ልገድል ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ለአክስቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ወላሂ፣ አይጦቹ መሞታቸውን ማንም አልነገረኝም» አሉ።

«ለስኳር ብሎ ለሚመጣ ሁሉ መርፌውን እንዳይተው ይንገሩት።»

«ትናንት አንዲት እናት ዱቄቱን ስኳር ላለበት ልጇ ወስዳለች» አሉ። «መርፌውን አስተዪው ብያታለሁ። ቤቷ እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ነው።»

ስልኩን ሳይዘጉት የበራቸው መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማሁ።