ሸክላው ሲጠራ
ትናንት ሎረንስቪል፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከጣሪያው ስፒከር የወጣ ዘፈን ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ፓይን ሌክ ከተማ መለሰኝ። እማዬ እዚያ ተቀጥራ ታስታምማት የነበረችው ሴትዮ በወጣትነቷ የታወቀ የኒው ዌቭ ሮክ ባንድ ዘፋኝ ነበረች። የጉሮሮ ካንሰር ድምፅዋን ወስዶባት ነበር። እማዬን ስትፈልግ የድሮ ሸክላዋን ታጫውት ነበር። የኮረዳነት ድምፅዋ ቤቱን ሲሞላው አሮጊቷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች፤ እማዬም ከኪችን «አቤት» ብላ ትሮጣለች።

«ማናት የምትጠራሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ልጅቷ ናት» አለችኝ። «አሮጊቷ ብትሞትም እሷ አትሞትም።»

ሴትዮዋን ከቀበርናት ዓመታት አልፈዋል። ትናንት የእሷ ዘፈን ሲጀምር፣ አጠገቤ ጋሪ የምትገፋው እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። የሞተ ሰው ቢጠራን «አቤት» አይባልም ብላ ያሳደገችኝ ራሷ ናት። እጇን ያዝኩት።

ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣ በቀስታ፣ «አቤት» አለች።