የአስናቀ የፍቺ መዝገብ

የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛዋ ውዴ፣ ባሏ አስናቀ ከቀድሞ ሚስቱ በእርግጥ መፋታቱን ማመን አቃታት። ሴትዮዋ ያለችው ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ቢሆንም፣ ከዚያ ጀልባ በመጣ ቁጥር ቅናት ያንገበግባታል። በ1972 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ፈረቃዋን ቀይራ አውራጃ ፍርድ ቤት ሄደች።

«የመዝገብ ቁጥሩን ያውቃሉ?» አሏት የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ።

«አላውቅም። ስማቸውንና የተፋቱበትን ዓመት ግን ይዤ መጣሁ።»

ማመልከቻ አስጽፋ፣ የጋብቻ ወረቀቷን አያይዛ ሰጠች። በሳምንቱ የውሳኔው ግልባጭ ደረሳት። ፍቺው እውነት ነበር። ፍቺ የጠየቀችው ግን ሚስቲቱ ስትሆን፣ አስናቀ ሦስት ጊዜ ቀርቦ «እባካችሁ አታፋቱን፣ እወዳታለሁ» ብሎ ለምኗል።

ለራት ሲገባ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችለት።

«እኔን እንዲህ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አስናቀ አነበበውና አጥፎ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ ውዴ ስለ ፍቺው ጠይቃው አታውቅም፤ ቅናቷ ግን ባሰባት።