አልቃና ያለው ክንድ

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.፣ ጥቅምት ላይ፣ ቀኝ ክንዴ ታጥፎ ሊቀር ነበር። ዛሬ ከልጄ ጋር በሐይቁ ዳር ሳልፍ ታንኳ የሚሠራበት የእርጥብ ደንገል ሽታ መጣና እማማ ዘሐራን አስታወሰኝ።

እማማ ዘሐራ የታንኳ ሠሪው ሚስት፣ የሰፈራችንም ወጌሻ ነበሩ። ክረምት ላይ ወድቄ የተሰበረውን ክንዴን የጠገኑት እሳቸው ናቸው። አጥንቱ ገጠመ፤ ክርኔ ግን አልቃና አለ። የታጠፈው እጄ የለማኝ እጅ ስለሚመስል የትምህርት ቤት ልጆች «እግዜር ይስጥሽ» እያሉኝ ያልፉ ነበር።

እማማ ዘሐራ ደጃቸው ላይ፣ ሊደርቅ በቆመ ታንኳ ጥላ ሥር፣ ክርኔን በቅቤ አሹና ውኃ የሞላ ባልዲ አስያዙኝ።

«ጧት ጧት በዚህ እጅሽ ከሐይቁ እስከ ቤትሽ ትወስጃለሽ። ክብደቱ ይሳበው።»

ጥቂት ተራምጄ አስቀመጥሁት። «አልችልም፣ እማማ።»

አብራኝ የመጣችው እናቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ይተዋት፤ እኔ እቀዳለሁ» አለች።

«ዛሬ አንቺ ትቀጃለሽ፤ ስትሞቺ ማን ሊቀዳላት ነው?» አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። «ክንድሽ አመመኝ እንጂ አልችልም አላለም። አልችልም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ተናደድሁ፤ በእሳቸውም፣ በልጆቹም፣ ከሁሉ ይልቅ በእናቴ እንባ። ያን ቁጣ የሰጠኝን አምላክ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አማትቤ ባልዲውን ይዤ ወረድሁ። ስመለስ ግማሹ ውኃ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ልትቀበለኝ ደጃፍ ቆማ ነበር። አልሰጠኋትም፤ ተመልሼ ወርጄ ሞላሁት።